«የቲ ሕዋስ ተቀባይ» ማን ነው?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ በሽታ መከላከል ሥርዓት ለተማሪዎቼ በአማርኛ ማስታወሻ ሳዘጋጅ «ቲ ሴል ሪሴፕተር»ን «የቲ ህዋስ ተቀባይ» አልኩት። አንዷ ባልደረባዬ «ምን ይቀበላል? ሥራው መለየት ነው፤ ‘መለያ’ በዪው» አለችኝ። ሌላው «ሪሴፕተር ብለሽ ተዪው» ይላል። የቱ ያስኬዳል? «ህዋሳቶች» ማለትስ ስሕተት ነው?

መልስ፦ «መለያ» ያሉት ባልደረባዎ የነገሩን ሥር ነክተዋል። ቃል ከመምረጣችን በፊት ግን የሚሰየመው ነገር ምን እንደሚሠራ እንይ። በቲ ሕዋስ፣ ማለትም በሽታን ከሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በአንዱ፣ ገጽ ላይ የተተከለ ሞለኪውል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አልፋና ቤታ ከሚባሉ ሁለት የፕሮቲን ሰንሰለቶች ይሠራል። የሰውነታችን ሕዋሳት በውስጣቸው ካሉት ፕሮቲኖች ቁርጥራጭ እየወሰዱ ኤም ኤች ሲ በተባሉ ሞለኪውሎች ላይ አስቀምጠው ወደ ውጭ ያሳያሉ። ቫይረስ የገባበት ሕዋስ የቫይረሱንም ቁርጥራጭ ያሳያል። የቲ ሕዋሱ ሞለኪውል ቁርጥራጩንና ቁርጥራጩን የያዘውን ኤም ኤች ሲ አንድ ላይ ይመረምራል። ፒተር ዶኸርቲና ሮልፍ ዚንከርናገል እ.ኤ.አ. በ1996 በኖቤል የተሸለሙት ይህን ጥምር ምርመራ በማሳየታቸው ነው። እንግዲህ የራስን ከባዕድ መለየት እንጂ የቀረበለትን ወስዶ ማስቀረት ሥራው አይደለም።

«መለያ» ግን አይሆንም። መለያ የሚለየው ሳይሆን የሚለይበት ነው፤ ኳስ ተጫዋች የሚለብሰው ማለት ነው። ስሙ የሚገባው ካለ በኤም ኤች ሲ ላይ ተቀምጦ ለሚታየው ቁርጥራጭ ነው። የእኔ ምርጫ «ለዪ» ነበር። ከግእዙ «ሌለየ» የወረደ፣ አጭር፣ ለአፍ የሚጥም፣ ሥራውን በአንድ ቃል የሚናገር ስም ነው። ዛሬም ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ሆኖም በጽሑፍ ሲቀመጥ ለሴት የተሰጠ ትእዛዝ ይመስላል፤ ማጥበቂያ ምልክት በማንጽፍበት ገጽም ይህ ችግር መፍትሔ የለውም።

«የሳይንስ ቃል እንደ መጣ ይወሰድ» የሚሉ ሰዎች ክርክር ሁልጊዜ ያስቆጣኛል። «ሪሴፕተር» በአማርኛ ውስጥ የሚወልደው «ሪሴፕተሮች»ን ብቻ ነው። «ተቀበለ» ግን ቤተሰብ አለው። በግእዝ ቀዳሚ ትርጉሙ የመጣን ሰው ወጥቶ ፊት ለፊት መገናኘት ነው፤ የዐረብኛው «ቂብላ»፣ ማለትም በጸሎት ጊዜ ፊት የሚዞርበት አቅጣጫ፣ ከዚሁ ሥር ነው። ዛሬም ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ «ሊቀበል ሄደ» ስንል ሄዶ ዕቃ ተረከበ ማለታችን አይደለም፤ ፊት ለፊት ሊገናኝ ሄደ ማለታችን ነው። በሕዋሱ ገጽ ላይ ሆኖ የመጣውን ፊት ለፊት የሚገናኝ ሞለኪውል «ተቀባይ» ቢባል፣ ሳልወድ በግድ አምናለሁ፣ ሥርወ ቃሉ ይፈቅዳል።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ አለ። የአልፋና የቤታ ሰንሰለቶች ወደ ሕዋሱ ውስጥ የሚዘልቀው ጫፋቸው በጣም አጭር ስለሆነ መልእክቱን ራሳቸው ማስተላለፍ አይችሉም። አጠገባቸው ሲዲ 3 የሚባሉ ፕሮቲኖች ቆመው ወሬውን ወደ ውስጥ ያደርሳሉ። ዘፈን ላይ አውጪው ያለውን ተቀባዩ እንደሚመልስ ሁሉ፣ እዚህም አንዱ ከሌላው እየተቀባበለ ነው የሚሠራው። ታዲያ አማርኛ ለዚህ «ተቀባይ» እና «አቀባይ» የሚል የተዘጋጀ ጥንድ አለው። «ቃል አቀባይ» የምንለው እኮ ይኸው ነው። አንዱ ይገናኛል፣ ሌላው ያቀብላል፤ «ሪሴፕተር» ይህን ከየት ያመጣል?

ያም ሆኖ «የቲ ሕዋስ ተቀባይ» አሁንም ያውከኛል። በአማርኛ ከ«ተቀባይ» በፊት የሚመጣ ስም ብዙ ጊዜ ተሳቢ ነው፤ እንግዳ ተቀባይ፣ ገንዘብ ተቀባይ፣ ኩላሊት ተቀባይ። ስለዚህ አንባቢው የቲ ሕዋስ የሚሰጠውን ሕመምተኛ ሊያስብ ይችላል። ይህ ደግሞ ባዶ ሥጋት አይደለም፤ ለአንዳንድ የደም ካንሰሮች የሕመምተኛው የራሱ ቲ ሕዋሳት ተወስደው፣ ሰው ሠራሽ ተቀባይ እንዲያበቅሉ ተደርገው ለራሱ የሚመለሱበት ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ጸድቋል። በዚያ ሕክምና የቲ ሕዋስ ተቀባይ ሰውየው ነው!

መፍትሔው የተሳቢውን ቦታ ባዶ አለመተው ነው፦ «የቲ ሕዋስ አንቲጅን ተቀባይ»። አንቲጅን የሚባለው ተቀባዩ የሚገናኘው ያ ቁርጥራጭ ነው። ሳይንሱም በሙሉ ስሙ ሲጠራው አንቲጅንን አይዘልም። መጀመሪያ ሲጠቅሱት እንዲህ ይጻፉት፤ ከዚያ በኋላ «ተቀባዩ» ይበቃል።

«ቲ» የመጣው ሕዋሳቱ ከሚበስሉበት ከታይመስ ዕጢ ስም ነው፤ አይንኩት። በዚያ ዕጢ ውስጥ የተቀባዩ ጂኖች በዘፈቀደ እየተቆረጡ ይቀጠላሉ፤ በተቀባያቸው የራስን አካል አጥብቀው የሚይዙት ሕዋሳትም፣ ምንም መያዝ የማይችሉትም ይሞታሉ። ከዕጢው በሕይወት የሚወጡት ጥቂቶች ናቸው። ለተማሪዎችዎ ይህን ሳያስረዱ አይለፉ፤ «መለየት» የሚለው ግስ ክብደቱ የሚታየው እዚህ ነው።

ወደ «ሕዋስ» ልመለስ። እርስዎ በሃሌታው «ሀ» ጽፈውታል፤ እኔ በሐመሩ «ሐ» ነው የምጽፈው። ቃሉ ከአምስቱ የስሜት ሕዋሳት የመጣ ነው፤ ምንጩ የዐረብኛው «ሐዋስ» ሲሆን እሱም የ«ሓሳ» ብዙ ቁጥር ነው። እኛ ብዙውን እንደ ነጠላ ወስደን «ሕዋሳት» አልን፤ «ሕዋሳቶች» ሲባል በብዙ ላይ ብዙ፣ በዚያም ላይ ሌላ ብዙ ይጨመራል። በማስታወሻዎ ላይ «ሕዋሳት» ብቻ ይጻፉ። ተማሪ በቃል «ሕዋሳቶች» ቢል ግን ነጥብ አይቀንሱበት፤ «መምህራኖች» ባዩ በዝቶ እኔም ማረም ትቻለሁ። እንዲያውም ስሜትን ይሰይም የነበረው ቃል የባዕድን ቁርጥራጭ ዳስሶ ለሚለየው ለቲ ሕዋስ ስም መሆኑ፣ ለእኔ በአማርኛ የሳይንስ ስያሜ ውስጥ ካሉት ምርጫዎች ሁሉ የሰመረው ነው።

«ሪሴፕተር ብለሽ ተዪው» ያሉትን ባልደረባዎን ግን አንድ ነገር አልነፍጋቸውም። ጥቁር አንበሳ ኮሪደር ላይ «ሲዲ ፎሬ ወረደ» የሚል ሰው በኤች አይ ቪ ክትትል የሚቆጠሩትን ቲ ሕዋሳት መጠሪያ፣ ሲዲ 4ን፣ ባለቤትነት አመልካች ቀጥሎበት አማርኛ አድርጎታል፤ ያንን ቃል ማንም አይመልሰውም። «ሪሴፕተር»ንም በፊደላችን ጽፈው ከ«ተቀባይ» ጎን አንድ ጊዜ ያስቀምጡት፤ ተማሪው ነገ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ሲያገኘው እንዳይደናገረው።