መድኃኒቱ ስንት ሰዓት ተዋጠ?

ልጆቼ፣ በተለይ ሕክምና ተምራችሁ ምርምር ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በእንቅስቃሴ ሕመሞች ላይ ነው። እጅ የሚያንቀጠቅጡ፣ እግር የሚያስሩ፣ አንገት የሚያጣምሙ ሕመሞች ማለቴ ነው። ብዙዎቻችሁ ስታገኙኝ ስንት ጥናት እንዳሳተምኩ ትጠይቁኛላችሁ። እኔ ግን ስለ አንድ ደብተር ላጫውታችሁ።

እዚሁ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል አካባቢ የሚኖሩ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ፓርኪንሰን የሚባለው፣ እጅ የሚያንቀጠቅጥና ሰውነት የሚያስር የአንጎል ሕመም ይዟቸዋል። የዚህን ሕመም መድኃኒት፣ ሌቮዶፓና ካርቢዶፓን፣ ጀመርንላቸው። በደንብ ተሻላቸው፣ መረባቸውን እንደገና በእጃቸው መጠገን ጀመሩ። ቆይተው ግን ቅር ብሏቸው መጡ። «ዶክተር፣ ይሄ መድኃኒት ቀን ይመርጣል። አንዳንዴ እጄን ይፈታዋል፣ አንዳንዴ ውኃ እንደጠጣሁ ነው» አሉኝ።

መጠኑን ልጨምር እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። ከዚያ አብራቸው የመጣችውን ልጃቸውን አየኋት። ስምንተኛ ክፍል ናት። «ሦስት ነገር ብቻ ትጽፊልኛለሽ» አልኳት። መድኃኒቱ ስንት ሰዓት ተዋጠ? ከምን ጋር ተበላ? እጃቸው ስንት ሰዓት ላይ ተፈታ?

በሁለት ሳምንቱ ደብተሩን ይዛ መጣች። በማስመሪያ አስምራዋለች። የጠዋቱ ኪኒን በሻይ ብቻ ሲዋጥ እጃቸው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይፈታል። የቀኑ ላይ ግን «ከዓሣ ጥብስ ጋር» ከሚለው አጠገብ «አልተፈታም»፣ በማግስቱም «አልተፈታም»። ዓሣ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲንና ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል ሲገቡ በአንድ በር ይጋፋሉ። ይህንን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ። ዓሣ በልተው የሚያድሩትን ሰው ግን ምን እንደሚበሉ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። ዓሣውን አልከለከልኳቸውም። ኪኒኑን ከምሳ አንድ ሰዓት አስቀድመው እንዲውጡ ነገርኳቸው፤ እጃቸው ተፈታ። መጠኑ አልተነካም።

የሙያችን ታሪክም እንዲሁ ነው። ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 በሽታውን ሲገልጽ የጻፈው ስለ ስድስት ሰዎች ብቻ ነው፣ አንዳንዶቹን ያያቸው መንገድ ላይ ነው። አርቪድ ካርልሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ አንጎል እንቅስቃሴን የሚመራበትን ኬሚካል፣ የዶፓሚንን ሥራ አሳየ። ኦሌ ሆርኒኬቪች ደግሞ በሽታው በነበረባቸው ሰዎች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን ማነሱን አገኘ። ያም ሆኖ አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠው መድኃኒት፣ ዶፓ (ሌቮዶፓ የዚሁ ዓይነት ነው)፣ ለዓመታት አጨቃጨቀ፤ አንዱ ሐኪም ይሠራል ሲል ሌላው አይሠራም ይላል። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ በትንሹ ጀምሮ፣ ቀስ እያለ ከፍ እያደረገ፣ በሽተኞቹን በቅርብ እየተከታተለ በአፍ ሰጠው። ያኔ ታስረው የነበሩ ሰዎች ተንቀሳቀሱ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ትዕግሥቱ ነው።

እኔ የቸኮልኩበት ቀንም አለ፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም። አንዲት እናት እጃቸው እየተንቀጠቀጠ መጡ፣ ሰውነታቸውም ተሳስሯል። ፓርኪንሰን ብዬ ጻፍኩ። በቀጣዩ ቀጠሮ ልጃቸው በፌስታል የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዞ መጣ። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ፕላሲል እዚያ ውስጥ ነበር፤ ለወራት ሲወስዱት ኖረዋል። እሱ ራሱ ዶፓሚንን ያግዳል። አስቆምናቸው፣ ከጥቂት ወራት በኋላ መንቀጥቀጡ ለቀቃቸው። ፌስታሉን በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ነበረብኝ። እባካችሁ እናንተ ጠይቁ። በሽተኛውን አስነስታችሁ አራምዱት፣ ሲዞር እግሩን እዩ፣ ስሙን አስጽፉት፣ ፊደሉ እያነሰ ከሄደ ወረቀቱን ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡት። ጥናታችሁ ከዚያ ይጀምራል።

ሌላም አለ። ከዚያ ደብተር በኋላ ሌሎች ታካሚዎቼንም እንዲሁ አስጻፍኩ፣ ተጠራቅሞም አንድ ጽሑፍ ወጣው። የዓሣ አጥማጁ ልጅ ሰምታ ኖሮ «ዶክተር፣ እኔም ላነበው እችላለሁ?» አለችኝ። በእንግሊዝኛ ነበር የጻፍኩት፣ ያውም ለሐኪም እንኳ በሚከብድ እንግሊዝኛ። አፈርኩ። የዚያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ በአንድ ገጽ አማርኛ ጻፍኩላት። በሚቀጥለው ቀጠሮ እዚያው ክፍሌ ውስጥ ለአባቷ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። «ከዓሣ ጥብስ ጋር» የሚለው ላይ ስትደርስ አስቆሟትና «ይሄ እኔ ነኝ» አሉ።