ጥያቄና መልስ፦ የጥምቀት ኪራይ፣ ዋስትና እና የእናት ሕመም

ከጎንደር የደረሱንን ደብዳቤዎች አሳጥሬያቸዋለሁ። ስለ አማቱ ገጽ ሙሉ ጽፎ ጥያቄውን የረሳው አንባቢ በድጋሚ ይጻፍልን።

ከአራዳ፦ ጎረቤቴ ቡና ስትጠራኝ በረካውን ሳልጠጣ ብነሳ ነውር ነው?

ሥራ ካለሽ ተናግረሽ ተነሺ። ከሌለሽ ምን አስቸኮለሽ?

ከፒያሳ፦ ትርፍ ክፍል አለኝ። በጥምቀት ሰሞን በእጥፍ ባከራየው ግፍ ይሆንብኛል?

ጥር 11 ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ አልጋ እንደሚወደድ እንግዳውም ያውቀዋል። ዋጋውን አስቀድሞ ሰምቶ ከተስማማ ግፍ የለበትም። ግፉ በስልክ አንድ ዋጋ ተናግሮ፣ ሰውየው የከተራ ማታ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ሲቆም ሌላ መጥራት ነው። ያኔ አማራጭ የለውማ! ልጅ ያዘለች እናት ከገጠር መጥታ ማደሪያ ካጣች ግን ሒሳቡን ይተዉት። ይህ እንኳ ደብዳቤ የሚያስጽፍ አይመስለኝም።

ከአዘዞ፦ የልጅነት ጓደኛዬ ለብድር ዋስ ሁነኝ አለኝ። እምቢ ብል እንቀያየማለን። ሚስቴ ደግሞ «ከፈረምክ እንተያያለን» ብላለች።

ሚስትህን ስማ ብዬ ልጨርሰው ነበር። ዋስ መሆን ምስክር መሆን አይደለም፤ እሱ ካልከፈለ አንተ ትከፍላለህ። ስለዚህ ገንዘቡን ከኪስህ ብትከፍል ቤትህ ሳይቸገር፣ አንተም ሳትቀየመው ትችላለህ ወይ? ካልቻልክ አቅምህ የፈቀደውን በእጁ ስጠውና ዋስትናውን ፊት ለፊት እምቢ በለው። ስልክ አጥፍቶ መሰወር አያዋጣም። ከፈረምክም ወረቀቱን አንብብ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 እንደሚለው፣ የዋስትናው ከፍተኛ መጠን ካልተገለጸ ውሉ አይጸናም። ለማንኛውም ጠበቃ አማክር።

ከማራኪ፦ እናቴ ካንሰር እንዳለባት ሐኪሙ ለእኛ ለልጆቿ ነገረን። ታላላቆቼ «ብትሰማ ትሞትብናለች፤ ጨጓራ ነው በሏት» አሉ። እኔ 24 ዓመቴ ነው፣ መዋሸት አልችልም። ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?

እህቴ፣ ነገሩ በ«ይፈቀዳል አይፈቀድም» አያልቅም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ። ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ማን ይንገራት፣ ማን ይደግፋት ተብሎ ይመከራል፣ ከዚያ ማለዳ ይኬዳል። መርዶ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ታላላቆችሽ ጥንቃቄውን ይዘው መንገሩን ትተውታል።

ደግሞ ይህ የሌላ ሰው ሞት አይደለም፤ የራሷ ሕይወት ነው። የምትወስደው ሕክምና፣ የምትከፍለው ዕዳ፣ የምትገባው ንስሐ ይኖራል። ጨጓራ ነው የተባለች ሴት በመድኃኒቱ ፀጉሯ ቢረግፍ ምን ልትሏት ነው? እሷ ገብቷት፣ እናንተን ላለማስጨነቅ ያልገባት መስላ ትኖራለች። ሕመሙን ብቻዋን ትሸከመዋለች።

ይህን አነበብኩ ብለሽ ግን ዛሬ ማታ እራት ላይ እንዳትዘረግፊው። አርስቶትል ወጣት ሰው በጂኦሜትሪ ሊራቀቅ ይችላል፣ ለኑሮ ማስተዋል ግን ልምድ ያስፈልገዋል ይላል። ታላላቆችሽን በውሸታምነት ከመክሰስሽ በፊት፣ እናታችሁ ከዚህ ቀደም ክፉ ወሬ ስትሰማ እንዴት እንደሆነች ጠይቂያቸው። አንቺ ያላየሽውን አይተው ይሆናል።

ከዚያ እሷን ጠይቂ፦ «እማዬ፣ የምርመራውን ነገር ሐኪሙ ለአንቺው እንዲነግርሽ ትፈልጊያለሽ ወይስ ለእኛ?» «እናንተ ጨርሱት፣ እኔን ተዉኝ» ካለች ምርጫዋ ነው። ዝም ማለትሽ ውሸት አይሆንም። «ምንድን ነው የያዘኝ?» ብላ ከጠየቀችሽ ግን ጨጓራ ነው እንዳትያት።

ከሁሉ በፊት ወደ ሐኪሟ ሂዱ። ከላይ «ጠበቃ አማክር» ያልኩት ለወጉ ነበር፤ ይህን ግን ለወጉ አልልም። ደረጃው ምን ላይ ነው? ምን ሕክምና አለው? በጊዜ ተደርሶባቸው የሚድኑ የካንሰር ዓይነቶች አሉ። ይህን ሳታውቁ የምትነግሯት ነገር ግማሽ ብቻ ነው፣ ያውም የሚያስፈራው ግማሽ። ታላላቆችሽን ይዘሽ ግቢ፣ ስትነግሯትም ሐኪሙ አብሯችሁ እንዲሆን ለምኑት። ቀጠሮውን እስከ ሰኞ ያዢ።

ከባጃጅ ሹፌር፦ ተሳፋሪ ስልክ ረስቶብኛል። ባትሪው አልቋል፣ ባለቤቱንም አላውቀው። ምን ላድርግ?

ቻርጅ አድርገው። ይደውላል።