የጁሪ መጥሪያ የደረሳችሁ፣ እዚህ ጠይቁ፦ የፍርድ ቤት አስተርጓሚው ይመልሳል

አስተርጓሚው፦ ጁሪ ማለት ችሎት ተቀምጦ ማስረጃውን ሰምቶ የሚወስን የተራ ዜጎች ቡድን ነው። የምመልሰው በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደንብ ነው። ስቴቶች የየራሳቸው አላቸው። መጥሪያው ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትጠይቁኝ።

ሳምራዊት፦ ያለኝ ግሪን ካርድ ነው፤ ግን መጥሪያ መጣልኝ። ልጣለው?

አስተርጓሚው፦ እንዳትጥዪው። ስም የሚለቀመው ከመራጮች መዝገብ ነው፤ ብዙ ቦታ የመንጃ ፈቃድ ዝርዝርም ይጨመርበታል። ስለዚህ ዜጋ ላልሆነም ይደርሳል። ዜግነት የሚጠይቀው መስመር ላይ «አይደለሁም» ብለሽ፣ ፈርመሽ መልሺ። ዜጋ ሳይሆኑ «ነኝ» ብሎ መፈረም ከአገር እስከማስወጣት የሚያደርስ ጣጣ አለው። ቅጹን ሌላ ሰው ከሞላልሽ ያን መስመር ራስሽ ሳታዪ እንዳትፈርሚ።

የኡበሩ ሰው፦ ከጁሪ እንዴት ነው የሚወጣው?

አስተርጓሚው፦ በምን ምክንያት? ታመሃል? ሕፃን ትጠብቃለህ? እንዲህ በደፈናው አይጠየቅም። ቀን ማስቀየር ከፈለግህ ቀኑ ሳይደርስ በጽሑፍ ጠይቅ።

የኡበሩ ሰው፦ እንግሊዝኛ አልችልም ብልስ?

አስተርጓሚው፦ ቅጹን ለመሙላት የሚበቃ እንግሊዝኛ ከሌለህ ሕጉ ራሱ ያስቀርሃል። ካለህ ግን ውሸት ነው። ዝም ብሎ መቅረት ደግሞ እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ፣ እስከ 3 ቀን እስር ወይም የማኅበረሰብ አገልግሎት ያስከትላል።

ብሩክ፦ ክፍያውስ? አለቃዬ ቢያባርረኝስ?

አስተርጓሚው፦ በቀን 50 ዶላር፤ ችሎቱ ከ10 ቀን ካለፈ ወደ 60 ሊያድግ ይችላል። ቋሚ ሠራተኛን በፌዴራል ጁሪ ምክንያት ማባረር ክልክል ነው። ለቀረህበት ቀን ደመወዝ እንዲከፍልህ ግን ፌዴራል ሕግ አያስገድደውም።

ሰብለ፦ አማርኛ የሚናገር ምስክር ቢቀርብና አስተርጓሚው ቢሳሳት ምን አደርጋለሁ?

አስተርጓሚው፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። እንደ ማስረጃ የሚቆጠረው አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ ያለው ብቻ ነው። አሥራ ሁለቱም የጁሪ አባላት እኩል መስማት አለባቸው፤ አንቺ ብቻ የሰማሽውን ጠበቃው ሊሞግተው አይችልም።

አማርኛ የት ላይ እንደሚያደናቅፍ የታወቀ ነው። ምስክሩ «ማታ ሦስት ሰዓት» ሲል በፈረንጅ ሰዓት ማታ ዘጠኝ ነው። «ሦስት» ተብሎ ከተተረጎመ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ዘጠኝ ይሆናል፤ ምስክሩና የስልክ መዝገቡ በስድስት ሰዓት ይለያያሉ፣ ሰውየውም ውሸታም ይመስላል። «ወንድሜ» የአክስት ልጅም፣ የሰፈር ጓደኛም ነው። «እገልሃለሁ» ዛቻም ነው፣ የእናት ቁጣም ነው፤ አስተርጓሚው ደግሞ ቃሉን እንጂ የራሱን ማብራሪያ እንዲጨምር አይፈቀድለትም።

ስህተት ከሰማሽ በወረቀት ጽፈሽ ለፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ስጪ፤ ለዳኛው ያደርሳል። ምስክሩ ከመውረዱ በፊት ይሁን፤ ከወረደ በኋላ ማጣራቱ ይከብዳል። የማይደረገው፣ ምክክር ክፍል ገብቶ «እኔ አማርኛ እችላለሁ፣ ያለው እንዲህ ነው» ማለት ነው።

ገና ሲመርጧችሁም «አስተርጓሚው ያለውን ትቀበላለህ?» ትባላላችሁ። ቀላል ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሄርናንዴዝ ከኒውዮርክ በተከራከረበት ጉዳይ፣ ዐቃቤ ሕጉ ስፓኒሽ የሚችሉትን ያስወጣው ትርጉሙን መቀበላቸውን ተጠራጥሬ ነው ብሎ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ምክንያቱን ተቀብሎታል።

ጋሽ በላይ፦ እኛም እኮ አውጫጭ ነበረን። አገሩ ተሰብስቦ ሌባውን ያወጣ ነበር። ጁሪ ማለት እሱ ነው።

ዘውዱ፦ አይደለም ጋሼ። አውጫጭ ላይ የሚፈለገው ነገሩን የሚያውቅ ሰው ነው። እዚህ የሚያውቀውን ነው የሚያሰናብቱት።

ጋሽ በላይ፦ ሁለቱም ጋ መሐላ አለ። ደግሞ የኛው ወፍ፣ በስውር የሚጠቁመው ሰው፣ ባይኖር ስንቱ ሌባ ያመልጥ ነበር!

ዘውዱ፦ እዚህ ወፍ አይመሰክርም፤ ተከሳሹ የሚመሰክርበትን ሰው ፊት ለፊት የመጠየቅ መብት አለው።

አስተርጓሚው፦ ዘውዱ ልክ ነው። በዚህ ይብቃን።

ሰላም፦ ጠበቆቹ ምንም ምክንያት ሳይሰጡ ሰውን ከጁሪ ማስወጣት ይችላሉ?

አስተርጓሚው፦ አዎ። በከባድ ወንጀል የተከሳሹ ጠበቃ 10 ሰው፣ ዐቃቤ ሕጉ 6 ሰው ያለምክንያት ማስወጣት ይችላሉ። በዘር ምክንያት ማስወጣት ግን እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ አይቻልም።

ሳምራዊት፦ አንድ ሰው ብቻ ባይስማማስ?

አስተርጓሚው፦ ወንጀል ላይ አሥራ ሁለቱም መስማማት አለባቸው። ካልሆነ ሰብሳቢያችሁ ለዳኛው ይጽፋል። ማስታወሻው ላይ «11 ለ 1» ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ ዳኛው ቁጥሩን ማወቅ የለበትም። ቀጥሉ ሊላችሁ ይችላል፤ ጨርሶ ካልሆነ ችሎቱ ይፈርሳል፣ ዐቃቤ ሕጉም እንደገና ሊከስ ይችላል። እናም ለመስማማት ብላችሁ ጎግል አታድርጉ።

ብሩክ፦ ጁሪ ቀርተሃል፣ በጊፍት ካርድ ክፈል የሚል ስልክ ተደወለ።

አስተርጓሚው፦ ሌባ ነው፤ ዝጋበት።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ከጁሪ እንዴት ነው የሚወጣው?

አስተርጓሚው፦ ከላይ ተመልሷል።

የኡበሩ ሰው፦ እሺ፣ ጎግል ተከለከለ። ጉዳዩ የመኪና አደጋ ቢሆን፣ አደጋው የደረሰበትን መንገድ ማፕ ላይ ማየትስ?

አስተርጓሚው፦ ማፕም ጎግል ነው። በዚያ በኩል በመኪና ማለፍም አይቻልም፣ ተሳፋሪ ቢኖርህም።