ሶሌታው ሳይሞላ ስህተቱን ማየት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ ጂ+4 ሕንፃ ዲዛይን እያሠራሁ ነው። ከዚህ በፊት ባሠራሁት ቤት ሶሌታው (የኮንክሪት ወለሉ) ከተሞላ በኋላ ለመጸዳጃ ቱቦ ሲባል አግዳሚው ተፈልፍሎ ብረቱ ተቆረጠ። አሁን መሐንዲሱ «በቢም እንሥራው» ይለኛል፤ ክፍያው ግን ይጨምራል። ያዋጣኛል? ምን ብዬስ ልዋዋል?

መልስ፦ መጀመሪያ ስሙ እንዳያደናግር። ሳይት ላይ «ቢም» ሲባል ፌራዮውም አናጢውም የሚያስበው አግዳሚውን ነው። መሐንዲስዎ የሚሉት ግን ሕንፃው ኮምፒውተር ላይ ቀድሞ የሚገነባበትን አሠራር ነው (በእንግሊዝኛ BIM፣ Building Information Modeling)፤ «ሞዴል» በሚባለው በዚህ የኮምፒውተር ሕንፃ ውስጥ እያንዳንዱ ግድግዳ፣ ምሰሶና ቱቦ ልኩንና ከፍታውን ይዞ ይቀመጣል።

የደረሰብዎትን በቁጥር እንየው። ሶሌታው 15 ሳ.ሜ.፣ አግዳሚው ከነሶሌታው 50 ሳ.ሜ. ቢሆን፣ አግዳሚው ከሶሌታው ግርጌ 35 ሳ.ሜ. ይወርዳል። የ110 ሚ.ሜ. ፍሳሽ ቱቦ ጀርባው ከሶሌታው ግርጌ 15 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ ቢነሳ፣ በ2 በመቶ ተዳፋት 5 ሜትር ሲጓዝ ሌላ 10 ሳ.ሜ. ይወርዳል። አግዳሚው ጋ ሲደርስ ከሶሌታው ግርጌ ከ25 እስከ 36 ሳ.ሜ. ዝቅ ያለውን ቦታ ይይዛል፤ ዋናው የታች ፌሮ የተዘረጋበት ቦታ ማለት ነው። ወረቀት ላይ ሁሉም መስመር ስለሆነ ይህ አይታይም። የስትራክቸሩና የሳኒተሪው (የውኃና የፍሳሽ መስመሩ) ሞዴል ሲደራረቡ ግን ፕሮግራሙ ግጭቱን ነቅሶ ያወጣዋል። ያኔ ሻፍቱን (ቱቦዎቹ ከወለል ወደ ወለል የሚወርዱበትን ቀጥ ያለ ክፍት ቦታ) ወደ መጸዳጃው ማስጠጋት ወይም ቱቦውን በአግዳሚው ሥር አሳልፎ በኮርኒስ መሸፈን ይቻላል። በአግዳሚው ውስጥ ይለፍ ከተባለም፣ ቀዳዳው የት እንደሚሆን የስትራክቸር መሐንዲሱ ወስኖ ማሳለፊያው ከሙሌት በፊት ይቀመጣል።

ስለዚህ በየወለሉ መጸዳጃ ላለው ጂ+4 ያዋጣዎታል ብለን እናምናለን። አንድ መታጠቢያ ላለው ፎቅ የሌለው ቤት ቢሆን ግን አንመክርዎትም ነበር።

ውሉ ላይ ሦስቱም ባለሙያዎች፣ አርክቴክቱ፣ የስትራክቸሩና የሳኒተሪና ኤሌክትሪኩ፣ አንድ መነሻ ነጥብና አንድ ±0.00 (ከፍታ ሁሉ የሚለካበት የዜሮ ደረጃ) እንዲጠቀሙ ይጻፍ። ይህ ሲዘለል ሞዴሎቹ ተንሸራተው ይደራረባሉ፤ የግጭት ዝርዝሩም በሺህ የሚቆጠር የማይረባ ነገር ይሆናል። ከሞዴሉ ዋና ፋይል ጋር ሌላ ፕሮግራም የሚከፍተውን የአይኤፍሲ ቅጂም ይረከቡ። የግጭት ሪፖርቱ በየወለሉ ተፈትቶና ተፈርሞ ይቅረብ። ከሁሉም በላይ ሳይት ላይ ለውጥ ሲደረግ ሞዴሉን ማን እንደሚያስተካክል በስም ይወሰን። ሞዴሉ ቢሮ ተቀምጦ ፎርማኑ በአሮጌው ወረቀት ከሠራ የከፈሉት ሁሉ ከንቱ ነው።

ጊዜውንም ያስቡበት። ጎጃም ላይ ከሰኔ ጀምሮ የተቆፈረ ጉድጓድ ውኃ ይሞላል፤ ዋልካ አፈር ከሆነ ደግሞ ይባስ። ሞዴሉን ክረምቱን አሠርተው በጥቅምት ቁፋሮ ቢገቡ ዲዛይኑ የግንባታ ቀን አይበላብዎትም።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ላይ ብሎኬትና ፌሮ የገዛነው ከሞዴሉ በወጣ ልክ ነበር። ብሎኬቱ ተረፈ፣ ፌሮው አነሰ። ለምን?

መልስ፦ ሞዴል የሚቆጥረው የተሣለውን ነው። የብሎኬቱን ግድግዳ የሣለው ሰው አግዳሚው ሥር ማቆም ሲገባው እስከ ሶሌታው አድርሶት ይሆናል። ከላይ ባየነው፣ ከሶሌታው ግርጌ 35 ሳ.ሜ. በሚወርደው አግዳሚ ልክ፣ በአንድ የ5 ሜትር ግድግዳ 1.75 ካሬ ሜትር ትርፍ ይቆጠራል። በካሬ 12.5 ብሎኬት ሲታሰብ 22 ያህል ነው፤ 20 ግድግዳ ላይ ከ430 በላይ ይሆናል። ግድግዳና አግዳሚ የተደራረቡበትን ቦታ ከቴክኦፉ (የዕቃ መጠን ከሞዴሉ ከመቆጠሩ) በፊት አስፈትሹ።

ፌሮው የሚያንሰው በተቃራኒው ምክንያት ነው። የመደራረቢያው ርዝመት፣ ማለትም ሁለት ብረት ሲቀጣጠል አንዱ በሌላው ላይ የሚያልፍበት፣ ካልተሣለ አይቆጠርም። ደግሞም ሞዴሉ የተጣራ ኪሎ ሲሰጥ እናንተ የምትገዙት 12 ሜትር ዘንግ ነው። 4.2 ሜትር የሚፈለግ ብረት ከአንድ ዘንግ ሁለት ብቻ ይወጣል፤ የሚተርፈው 3.6 ሜትር ለሌላ ቦታ ካልተመደበ ከዘንጉ 30 በመቶው ወደቀ ማለት ነው። የመቁረጫ ዝርዝሩ ከሞዴሉ ወጥቶ ፌራዮው ጋ መድረስ ያለበት ብረቱ ከመገዛቱ በፊት ነው።