ኮረንቲና ሬዚስታንስ ላይ የከበዳችሁን ጠይቁ

ፊዚክስ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆነኝ። ፈተና በደረሰ ቁጥር የተማሪ ፊት የሚጠቁረው እዚህ ምዕራፍ ላይ ነው። የሚገርመው ቀመሩን ሁሉም በቃሉ ይዞታል፤ ቮልቴጅ (ግፊቱ) ማለት ከረንት (ፍሰቱ) ሲባዛ በሬዚስታንስ (ፍሰቱን የሚያግደው)፣ አለቀ። ተማሪ የሚወድቀው የቱ ነገር እኩል እንደሆነ፣ የቱ እንደሚለያይ ሳያይ ቁጥር መክተት ሲጀምር ነው። ዛሬ ማታ ጊዜ አለኝ፣ ጠይቁ። ሥዕል ሳትስሉ ግን አትምጡ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ የኃይል ቀመሮቹ አጣሉኝ። ከረንት ስኩዌር ሲባዛ በሬዚስታንስ የሚለው፣ ሬዚስታንስ ሲጨምር ኃይል ይጨምራል ይላል። ቮልቴጅ ስኩዌር ሲካፈል ለሬዚስታንስ የሚለው ደግሞ ይቀንሳል ይላል። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም እመን። ቀመር ከመምረጥህ በፊት ግን "እዚህ ሥዕል ላይ ለሁሉም አንድ የሆነው ምንድነው?" በል። ፓራለል፣ ማለትም ጎን ለጎን በየራሳቸው መንገድ የተገናኙ ከሆነ ቮልቴጁ አንድ ነው፣ ስለዚህ ሁለተኛውን ያዝ። ሲሪስ፣ ማለትም በአንድ መንገድ ተከታትለው የተገናኙ ከሆነ ከረንቱ አንድ ነው፣ የመጀመሪያውን ያዝ። በቁጥር እንየው። በ220 ቮልት የሚሠሩ የ60 ዋትና የ100 ዋት አምፖሎች አሉህ እንበል፣ እነዚያ የድሮዎቹ፣ ሲነኳቸው እጅ የሚያቃጥሉት። የባለ 60ው ሬዚስታንስ 807 ኦም ገደማ ነው፣ የባለ 100ው 484። ቤት ውስጥ ፓራለል ስለሚገቡ ባለ 100ው ይደምቃል። አሁን በሐሳብህ ሲሪስ አድርገህ 220 ላይ አገናኛቸው። ከረንቱ 0.17 አምፒር ይሆናል። ባለ 60ው 23 ዋት ያወጣል፣ ባለ 100ው 14 ብቻ። ትንሹ ትልቁን በለጠው! እውነተኛ አምፖል ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ስለሚወርድ ቁጥሩ ይዛነፋል፣ ፈተና ላይ ግን እንዲህ ነው የሚሠራው።

ጥያቄ፦ 6 ኦምና 3 ኦም የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች (ሬዚስታንስ የሚሰጡ ዕቃዎች) ፓራለል ናቸው። እኔ 0.5 አገኘሁ፣ መልሱ 2 ነው ይላል።

መልስ፦ አንድ ስድስተኛና አንድ ሦስተኛ ደምረሽ ግማሽ አገኘሽ፣ ከዚያ መገልበጡን ረሳሽው። "መልሱ ከትንሹ ማነስ አለበት" የሚባለው ማረጋገጫ እዚህ አያድንሽም፣ 0.5ም ከ3 ያንሳልና። እኔ የምጠቀመውን ልስጥሽ፦ ሁለት ሬዚስተር ፓራለል ሲሆኑ መልሱ ከትንሹ ግማሽ አይወርድም፣ ከትንሹም አይበልጥም። እዚህ ከ1.5 እስከ 3 መሆን አለበት። 0.5 ሲመጣ እርሳስሽን ጣይና እንደገና ጀምሪ።

ጥያቄ፦ 10 ኦም የሆነ ሽቦ ተስቦ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆንስ? 20 ብዬ ተሳሳትኩ።

መልስ፦ 40። ሲሳብ ይቀጥናል ወንድሜ። ብረቱ ያው ስለሆነ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ውፍረቱ፣ ማለትም የቁርጡ ስፋት፣ በግማሽ ይቀንሳል። ሁለት ጊዜ ተጎዳህ።

ጥያቄ፦ እኔ ተማሪ አይደለሁም፣ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። የኤሌክትሪክ ምጣዴ ሽቦ ተቃጥሎ አንድ የሰፈር ልጅ የተቃጠለውን ቆርጦ የቀረውን አያይዞ ሠራልኝ። ከዚያ ወዲህ ምጣዱ ይፋጃል፣ ሦስት አራት እንጀራ ከጋገርኩ በኋላ ደግሞ ብሬከሩ ይወርዳል። ልጄ "ሽቦው ስላጠረ ኮረንቲውም ይቀንሳል" ይለኛል።

መልስ፦ እናቴ፣ ከዛሬ ጥያቄዎች ሁሉ ይኼን ወደድኩት። ልጅዎ ግን ገልብጦታል። ሽቦ ሲያጥር የሚቀንሰው ሬዚስታንሱ ነው፤ ከረንቱ ይጨምራል። ምጣድዎ 3500 ዋት ነው እንበል። በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፒር ይስባል፣ ሬዚስታንሱ ደግሞ 13.8 ኦም ነው። የሰፈሩ ልጅ ከሽቦው አንድ አምስተኛውን ቆርጦ ከጣለ የሚቀረው 11 ኦም ነው። አሁን 20 አምፒር ይስባል ማለት ነው፣ ኃይሉም 4400 ዋት ገደማ ይደርሳል። ለዚህ ነው የሚፋጀው። ብሬከርዎ ባለ 16 ከሆነ በ20 አምፒር ወዲያው አይወርድም፤ ውስጡ እየሞቀ እየሞቀ ይሄድና መሃል ላይ ጥሎዎት ይጠፋል። የተያያዘበት ቦታም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፣ ጥብቅ ካላለ እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ ሙቀት ይጠራቀምና መልሶ ይበጠሳል። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ "ትልቅ ብሬከር እናስገባ" የሚል ቢመጣ እሺ እንዳይሉ። ያኔ የሚሞቀው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ሙሉ አዲስ የምጣድ ሽቦ ያስገቡ። አንተ የምትጽፈው ልጅ ደግሞ ይኼንን ደብተርህ ላይ ሥራው፣ ከፈተና ጥያቄ የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ የምጣድ ነገር ከተነሳ እኔ አሜሪካ ነኝ፣ እናቴ ከአዲስ አበባ ምጣድ ላከችልኝ። ሰካሁት፣ ለብ ብሎ ቀረ። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ደህና ነው። እዚያ ግድግዳው ላይ ያለው 120 ቮልት ነው። ሬዚስታንሱ ስላልተለወጠ ኃይሉ የሚወርደው በቮልቴጁ ስኩዌር ነው፤ 3500 የነበረው ወደ 1040 ዋት ይወርዳል። በዚህ እንጀራ አይጋገርም። የልብስ ማድረቂያ የሚሰካበት 240 ቮልት መስመር አለ፣ እዚያ ላይ ግን 4165 ዋት ስለሚሆን ያለ ኤሌክትሪሺያን አትሞክረው። አገር ቤትም ማታ ቮልቴጁ 180 ሲደርስ ምጣድ የሚለግመው በዚሁ ምክንያት ነው። የወረደው ቮልቴጅ 18 በመቶ ብቻ ነው፣ ከኃይሉ ግን ሲሶው ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ባትሪው 12 ቮልት ነው፣ የውስጥ ሬዚስታንሱ 0.5 ኦም፣ ውጪ ያለው 5.5 ኦም። መልሱ ላይ የባትሪው ጫፍ 11 ቮልት ነው ይላል። 1 ቮልት የት ገባ?

መልስ፦ ባትሪው ራሱ በላው። ጠቅላላው 6 ኦም፣ ከረንቱ 2 አምፒር፣ 2 ሲባዛ በ0.5 ይኸው 1 ቮልት። መኪና ሲነሳ ሞተሪኖው ብዙ ከረንት ሲስብ የፊት መብራቱ ድንግዝ የሚለውን አይተሃል? ያው ነው። ጌኦርግ ኦም ራሱ በዚህ ተቸግሯል። ሕጉን ያሳተመው በ1827 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሙከራውን ሲሠራ ግን የዘመኑ ባትሪ አልረጋ ስላለው፣ ትቶት በሙቀት ልዩነት ቮልቴጅ የሚሰጥ የብረት ጥንድ ተጠቀመ። እሱም አስተማሪ ነበር፣ ለነገሩ።

ጥያቄ፦ ከሬዚስተሩ ጎን ባዶ ሽቦ ተስሎ ካየሁስ?

መልስ፦ ሬዚስተሩን ሰርዘው። ከረንቱ ሁሉ በሽቦው ያልፋል።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ከመሄድህ በፊት አንድ የቤት ሥራ ጣልልን።

መልስ፦ እሺ። ሦስት ሬዚስተሮች አሉ፣ እያንዳንዳቸው 6 ኦም። ሦስቱንም መጠቀም ግዴታ ነው። ስንት የተለያየ ጠቅላላ ሬዚስታንስ ታገኛላችሁ? ሥዕሉ ከነመልሱ ይምጣ። ሁለት ብቻ ያገኘ ሰው ቸኩሏል፣ ሦስት ያገኘ አንድ ቀርቶታል።