ጥያቄና መልስ፦ በትምህርት ቤት የሚሰጠውን የቪዲዮ ሕክምና ለመገምገም የተማሪ ዳታ እንዴት ይሰበሰባል?

አወያይ፦ የዛሬው ርዕስ በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች፣ በነርሷ ክፍል በቪዲዮ የሚሰጠው ሕክምና ነው፤ ብዙዎቻችን ቴሌሄልዝ የምንለው። አገልግሎቱ ለልጆቹ ምን እንደፈየደ ለማወቅ ምን ዳታ ይያዛል? መላሻችን በትምህርት ዲስትሪክትና በክሊኒክ መካከል ዳታ የማገናኘት ሥራ የሚሠሩ ናቸው።

መላሽ፦ ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። የጽሑፍ ስምምነት ሳይፈረም የተማሪ ስም ያለበት ፋይል ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም፤ በኢሜይልም፣ በቴሌግራምም፣ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎም። ሌላው፣ ታህቱ (ከስንት እንደተሰላ) ያልተነገረ መቶኛ ምንም አይነግረንም። ሁለቱን ዛሬ ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ።

ነርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ እኔ የትምህርት ቤት ነርስ ነኝ፤ ሐኪሟ በስክሪን የምትገባው ከውጭ ክሊኒክ ነው። መዝገባችን በሂፓ (የሕክምና መረጃን ምስጢር በሚጠብቀው ሕግ) ነው ወይስ በፌርፓ (የተማሪ መዝገብን ምስጢር በሚጠብቀው ሕግ) የሚገዛው?

መላሽ፦ ግማሹ ችግር እዚህ ላይ ነው፣ እህቴ። ዲስትሪክቱ የቀጠረሽ ወይም በኮንትራት የሚያሠራሽ ከሆነ፣ አንቺ የምትጽፊው የትምህርት መዝገብ ነው፤ የሚገዛው በ1974 የወጣው ፌርፓ ነው። በፌርፓ ሥር ያለን መዝገብ ሂፓ ራሱ ከክልሉ አውጥቶታል። ክሊኒኩ ደግሞ ትምህርት ቤቱን ሳይወክል በራሱ የሚያክም ከሆነ፣ የሐኪሟ መዝገብ በሂፓ ሥር ነው፤ ካሜራው በትምህርት ቤቱ ግቢ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ስለዚህ ለአንድ ልጅ የአንድ ቀን የጉሮሮ ሕመም ሁለት መዝገብና ሁለት ሕግ አለ ማለት ነው። የትምህርትና የጤና ሚኒስቴሮቹ በ2008 በጋራ አውጥተው በዲሴምበር 2019 ያደሱት መመሪያ ይህን በምሳሌ ያስረዳል።

የክሊኒክ ሠራተኛ፣ አትላንታ፦ የእኛ ሕግ ክፍል ግን «ሂፓ ስላለ ምንም ዓይነት ግምገማ አይቻልም» ብሎ ዘግቶታል።

ዳታ ተንታኝ፣ ሲያትል፦ ይሄ ማጋነን ነው። የእኛዎቹ እንዲያውም ፌርፓ ለጥናት የሚፈቅደው አንቀጽ ስላለ አቴንዳንሱን (ልጆቹ መገኘት መቅረታቸው የሚያዝበትን መዝገብ) ያለ ወላጅ ፊርማ ውሰዱ ነው የሚሉት።

የክሊኒክ ሠራተኛ፣ አትላንታ፦ ያለ ፊርማ? አንድ ወላጅ ቢከስስ ማን ነው የሚቆመው?

መላሽ፦ ሁለታችሁም የተሰጣችሁ ምክር ትክክል አይደለም። ክሊኒኩ የራሱን ሥራ ጥራት በራሱ መዝገብ እንዲገመግም ሂፓ ይፈቅዳል። የፌርፓ የጥናት አንቀጽ ደግሞ የሚሠራው ለሦስት ዓላማ ብቻ ነው፦ የፈተና ጥናት፣ የተማሪ የገንዘብ እርዳታ፣ የማስተማር ሥራን ማሻሻል። የአስም ሕክምና ከሦስቱ በየትኛው ይገባል? የኦዲትና የግምገማ አንቀጹም የሚናገረው ስለ ትምህርት ፕሮግራም ነው። ጠበቃ ይከራከርበት ይሆናል፤ ግምገማን ግን በክርክር ላይ መሠረት አትጣሉ።

ንጹሑ መንገድ ወላጅ የሚፈርመው ወረቀት ነው። የትኛው መዝገብ፣ ለምን ዓላማ፣ ለማን እንደሚሰጥ በግልጽ ይጻፍበት፤ ፊርማና ቀን ይኑረው። ልጁ 18 ዓመት ከሞላው ፈራሚው ራሱ ነው። የሂፓውን ፈቃድ፣ ከማብቂያ ጊዜውና ከመሻር መብቱ ጋር፣ በዚያው ወረቀት በተለየ ፊርማ አስገቡት። ብዙ ቦታ የሚበላሸው «ልጄ ይታከም» የሚለውን ፊርማ «ዳታውን ውሰዱ» አድርጎ መቁጠር ላይ ነው። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው። ፊርማ ማሰባሰብ የማይቻል ከሆነ ዲስትሪክቱ የነርሷን መዝገብ ከአቴንዳንስ ጋር በቤቱ አገናኝቶ ማንንም የማይለይ ድምር ብቻ ያውጣ። ማን መቼ እንደታየ የነርሷ መዝገብ ይዞታልና የክሊኒኩን ፋይል ሳትነኩ ብዙ ጥያቄ ትመልሳላችሁ።

አዲስ አባል፦ ዳታ እንዴት ልሰብስብ?

መላሽ፦ የምን ዳታ? ምን ልታውቅበት? ጥያቄህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍና ተመለስ።

ነርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ በኤክሴል ላይ ምን ምን ዓምድ ላድርግ? አሁን ያለኝ ቀን፣ ስምና «ምክንያት» ብቻ ነው።

መላሽ፦ ስሙን አውጪና የተማሪውን የስቴት መለያ ቁጥር አስገቢ። ከዚያ አራት ሰዓት ያስፈልግሻል፦ ልጁ ክፍልሽ የገባበት፣ ለክሊኒኩ የደወልሽበት፣ ሐኪሟ ስክሪን ላይ የታየችበት፣ ልጁ ከአንቺ ዘንድ የወጣበት። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ጊዜ የክሊኒኩ ነው፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው የአንቺ ክፍል መጨናነቅ ነው። አንድ ላይ ከተደመሩ «አገልግሎቱ ዘገምተኛ ነው» ይባልና የማን ጥፋት እንደሆነ አይታወቅም።

«ምክንያት» የሚለውን በነጻ ጽሑፍ አትሙዪው። መተንፈሻ፣ ቆዳ፣ ጉሮሮና ጆሮ፣ ሆድ፣ አእምሮ ጤና፣ ሌላ፤ ስድስት ምርጫ ይበቃል። ነጻ ጽሑፍ ውስጥ «እናቱ ደውላ አባቱ እንደታሰረ ነገረችኝ» የሚል ነገር ይገባል፤ አንዴ ከገባ ፋይሉን ለማንም ማሳየት አይቻልም።

ውጤቱም በኮድ ይሁን፦ ወደ ክፍል ተመለሰ፣ ወደ ቤት ተላከ፣ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ተላከ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ተላከ፣ ጥሪው አልተሳካም። የመጨረሻውን ሁሉም ይረሳዋል። ክሊኒኩ የሚቆጥረው የተጠናቀቀ ጥሪ ብቻ ነው። ለምሳሌ 150 ጥሪ ተጠናቆ 120 ልጅ ወደ ክፍል ቢመለስ 80 በመቶ ይባላል። 20 ጥሪ ኢንተርኔት ተቋርጦ ወይም ሐኪም ጠፍቶ ከቀረ ግን ታህቱ 170 ነው፤ መቶኛውም ወደ 71 ይወርዳል። ልዩነቱ ያለው በነርሷ መዝገብ ብቻ ነው።

አንድ ዓምድ ደግሞ ከጥሪው በፊት ይሞላ፦ «ይህ አገልግሎት ባይኖር ልጁን ምን ታደርጊው ነበር?» ከጥሪው በኋላ ከሞላሽው መልሱ በውጤቱ ይበከላል። ይህ ዓምድ ከሌለ እያንዳንዱን ጥሪ «የተረፈ የትምህርት ቀን» ብሎ መቁጠር ይመጣል። ፕላስተር ለጥፈሽ ትመልሺው የነበረ ልጅ ምንም አላተረፈም።

አባል፣ ዳላስ፦ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

መላሽ፦ ዲስትሪክታችሁ የፈረመበት።

ዳታ ተንታኝ፣ ሲያትል፦ አገልግሎቱን የተጠቀሙ ልጆች መቅረታቸው ከአንደኛው ሴሚስተር በሁለተኛው ቀንሷል። ይህን ለቦርዱ ማቅረብ እንችላለን?

መላሽ፦ እንዲህ ብቻውን አታቅርበው። ልጆቹ ወደ ነርሷ የመጡት በታመሙበት ሰሞን ነው። በጣም ከታመመ በኋላ የሚመጣው ወር፣ ሕክምና ቢኖርም ባይኖርም፣ አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል። ስለዚህ «በፊትና በኋላ» ብቻውን ሁልጊዜ አገልግሎቱን ያሞግሳል። ተጠቃሚን ከማይጠቀም ጋር ብታወዳድር ደግሞ በተቃራኒው ይጎዳሃል፤ የሚጠቀሙት ይበልጥ የሚታመሙት ናቸውና። የሚሻለው በትምህርት ቤት ደረጃ ማወዳደር ነው። አገልግሎቱ በየተራ የሚገባ ከሆነ፣ ዘንድሮ የገባባቸውን ገና ካልገባባቸው ጋር፣ በተመሳሳይ ወራት፣ በተመዘገቡ ተማሪዎች ሁሉ ላይ አስላ። በተመዘገቡት ሁሉ፣ ፈቃድ በፈረሙት ብቻ ሳይሆን! ወረቀት ፈርሞ የሚመልስ ቤተሰብ ቀድሞም ልጁ ብዙ የማይቀርበት ሊሆን ይችላል።

አቴንዳንሱም የራሱ ወጥመድ አለው። ሥር የሰደደ መቅረት ማለት ልጁ ከተመዘገበበት ቀን 10 በመቶውን ወይም ከዚያ በላይ መቅረት ነው፤ በ180 ቀን ዓመት 18 ቀን። በጥር የተመዘገበን ልጅ በ180 አታካፍለው። በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ አቴንዳንስ የሚያዘው በየክፍለ ጊዜው ስለሆነ፣ ነርሷ ዘንድ ሐኪም የሚያናግረው ልጅ በዚያ ሰዓት «ቀረ» ተብሎ ይመዘገባል። አገልግሎቱ በበዛ ቁጥር መቅረት የጨመረ ይመስላል። «በግቢ ውስጥ፣ ጤና ክፍል» የሚል የተለየ ኮድ ከመስከረም በፊት አስከፍቱ፤ በመሃል ዓመት ከተለወጠ የፊቱና የኋላው አይወዳደርም።

የክሊኒክ ሠራተኛ፣ አትላንታ፦ ይሄ ሁሉ ለምን? የሮቼስተሩ ጥናት ጥቅሙን አረጋግጧል እኮ። በ2018 የወጣው፣ 400 የአስም ልጆች፤ አገልግሎቱን ካገኙት ድንገተኛ ክፍል የሄደ ወይም ሆስፒታል የተኛ 7 በመቶ፣ ካላገኙት 15 በመቶ።

ዳታ ተንታኝ፣ ሲያትል፦ እነሱ ልጆቹን በዕጣ ነው የከፈሉት። እኛ ማንን በዕጣ ከፈልን?

የክሊኒክ ሠራተኛ፣ አትላንታ፦ ዕጣ ባይኖርም የሠራ መድኃኒት ይሠራል።

መላሽ፦ ቁጥሩ ትክክል ነው። ነገር ግን እዚያ ልጆቹ የአስም መድኃኒታቸውን በትምህርት ቤት በሰው ፊት ይወስዱ ነበር፤ ቪዲዮው የተጨመረው በዚያ ላይ ነው። ከ3 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። የእናንተ አገልግሎት ካሜራ ብቻ ከሆነ ያንን ውጤት መዋስ አትችሉም። ከእነሱ የምትማሩት ሌላ ነገር ነው፦ ነርሷ በየትኛው ቀን መድኃኒት እንደሰጠች መዝግቡ። ወደ ዳታው እንመለስ።

አስተርጓሚ፣ አሌክሳንድሪያ፦ የእኛ ልጆች ስም በሁለቱ ሥርዓት አይገጥምም። ኮምፒዩተሩ አንዱን ልጅ ሁለት ያደርገዋል።

መላሽ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የማገናኛ ፕሮግራሞቹ የተሠሩት ቋሚ የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ ነው። ከአገር ቤት የመጣው ልጅ በፓስፖርቱ የአያቱ ስም መጨረሻ ላይ ይሆናል፤ እዚህ የተወለደችው እህቱ የአባቷን ስም ይዛለች፤ እናትየዋ ሌላ ናት። «ቤተሰብ» በመጨረሻ ስም ከተለየ የእኛ ቤት ሦስት ቤተሰብ ይሆናል። ኃይለ ሚካኤል በክሊኒኩ አንድ ቃል ነው፣ በትምህርት ቤቱ ሁለት ሆኖ «ኃይለ» መካከለኛ ስም ይሆናል። ጸጋዬ አንድ ቦታ በቲና ኤስ፣ ሌላ ቦታ በኤስ ብቻ ይጀምራል።

ስለዚህ በቅደም ተከተል እንዲህ ሥሩ። በመለያ ቁጥር የሚገጥመውን መጀመሪያ አውጡ። ለቀረው፣ ከስሞቹ ባዶ ቦታ፣ ሰረዝና ጭረት አጥፉ፤ ሦስቱን ስም ያለ ቅደም ተከተል አወዳድሩ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ከገጠሙ እጩ ነው። ከዚያ የትውልድ ቀን፣ ትምህርት ቤትና የክፍል ደረጃ ይታይ። ጃንዋሪ 1 የሆነ የትውልድ ቀን እንደ ማስረጃ አይቆጠር፤ ቀናቸው ለማይታወቅ ስደተኞች በብዛት የተሰጠ ቀን ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ ቅጽ ደግሞ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይወልዳል። ዓመቱ እንዳለ ከተጻፈ ልጁ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል፤ ጥቅምት 2005 ማለት 2012 ነው፣ ጥር 2005 ግን 2013። ይህን የክፍል ደረጃው ያጋልጠዋል። የከፋው ዓመቱ ተስተካክሎ ወሩ ሲቀር ነው፦ ኅዳር 5 «ሦስተኛ ወር» ተብሎ ማርች 5 ይሆናል፣ ትክክሉ ኖቬምበር 14 ሆኖ ሳለ። ትክክለኛ ስለሚመስል ማንም አይጠይቀውም።

መንትዮችን በእጅ እዩ። አጠራጣሪውን ሁሉ ሁለት ሰው ለየብቻ ይይ። ሳይገጥም የቀረውን ደግሞ አትጣሉት፤ በቤት ቋንቋ ከፋፍላችሁ ቁጠሩት። የአማርኛና የትግርኛ ተናጋሪ ልጆች ከሌሎቹ ይበልጥ ከወደቁ፣ «ሐበሾች አገልግሎቱን አይጠቀሙም» የሚለው ድምዳሜ የስም ማገናኛው ስሕተት ነው። ካገናኛችሁ በኋላ ለእያንዳንዱ ልጅ በዕጣ የወጣ ቁጥር ስጡ፤ የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያሳየው ቁልፍ ዲስትሪክቱ ዘንድ ይቅር።

አባል፣ ሚኒያፖሊስ፦ ስሙን በሃሽ (ስምን ወደ ማይነበብ ኮድ በሚለውጥ ስሌት) ብንደብቀው አይበቃም?

መላሽ፦ አይበቃም። አንድ ፊደል ከተለየ ሃሹ ጨርሶ ይለያል፣ ስለዚህ የእኛን ስሞች አያገናኝም። ምስጢራዊ ቁልፍ ካልተጨመረበት ደግሞ የተማሪ ስም ዝርዝር ያለው ሰው ሁሉ መልሶ ይፈታዋል።

የሁለት ልጆች እናት፦ ይቅርታ፣ እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ወረቀቱን ብፈርም ኢሚግሬሽን ያየዋል?

መላሽ፦ እመቤቴ፣ ይቅርታ የሚያስፈልገው ጥያቄ አይደለም። ለዚህ ግምገማ የወረቀት ሁኔታም ሆነ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አያስፈልግም፤ ቅጹ ላይ ካለ ባዶ ይተዉት፣ ለነርሷም ይንገሩ። ልጅ ወረቀት ባይኖረውም የመማር መብቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 በፕላይለር ጉዳይ አጽንቷል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከመጣ መዝገብ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ዋናው መከላከያ ከመጀመሪያው አለመጻፉ ነው። ባይፈርሙም ልጅዎ ሕክምናው አይቀርበትም፤ ይቀርበታል ያለ ካለ በጽሑፍ ይጠይቁት።

አስተርጓሚ፣ አሌክሳንድሪያ፦ ሪፖርቱን በቋንቋ ከፍለን ብናወጣስ?

መላሽ፦ በውስጥ አዎ፣ በአደባባይ ተጠንቀቁ። አንድ ትምህርት ቤት ስድስት አማርኛ ተናጋሪ የሰባተኛ ክፍል ልጆች ካሉትና ሰንጠረዡ «አእምሮ ጤና፣ 1» ካለ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያለ ሰው ሁሉ ማን እንደሆነ ያውቃል። ሜዲኬርን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ከ11 በታች የሆነ ቁጥር አይወጣም ይላል፤ ያዙት። የሰንጠረዡን አንድ ሕዋስ (ሳጥን) ደብቃችሁ ድምሩን ከተዋችሁ በመቀነስ ይገኛል፤ ሁለተኛም መደበቅ አለበት።

አባል፣ ዳላስ፦ ፋይሉን ለጊዜው በቴሌግራም ብልክላችሁና ብታዩልኝ?

መላሽ፦ አትላክ። መግቢያው ላይ ተናግሬዋለሁ።

አባል፣ አዲስ አበባ፦ እኛ ጋ ላለ የግል ትምህርት ቤት ይሠራል?

መላሽ፦ ፌርፓ እዚያ አይሠራም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አንብብ። የሰዓቱና የታህቱ ነገር ግን አንድ ነው።

ነርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ ለወላጅ የእርካታ ጥያቄ በስልክ ጽሑፍ በራሱ ይላካል። ጥሩ ነው?

መላሽ፦ ለጉሮሮ ሕመም ጥሩ ነው። ለአእምሮ ጤና ግን ዛሬውኑ አስቆሚው። ለምሳሌ በዋሽንግተን ስቴት ከ13 ዓመት ጀምሮ ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ በተመላላሽ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ማግኘት ይችላል። «ልጅዎ ዛሬ በተሰጠው አገልግሎት ምን ያህል ረክተዋል?» የሚል መልእክት እናቱ ስልክ ላይ ሲገባ የልጁ ምስጢር ወጣ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ክፍልሽ አይመጣም። በስቴትሽ ያለውን ዕድሜና ሁኔታ ጠይቂ፤ እስከዚያው ለዚህ ምድብ መልእክቱ ከነጭራሹ ይጥፋ። ለሌላው ደግሞ ጥያቄው በአማርኛ ይሂድ፣ ከሦስት አይብለጥ፣ የሚያነበውም ልጁ ራሱ አይሁን። ስንት ተልኮ ስንት እንደተመለሰም ጻፊ።