ኒውክሊየስ ይሞቃል፣ ይግላል ወይስ ይፈላል?

ጥያቄ፦ ስለ ኒውክሌር ፊዚክስ አንድ ጽሑፍ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። "የወርቁ ኒውክሊየስ ከፍተኛ ጉልበት ያለው የፕሮቶን ጨረር ሞቀ" ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ጓደኛዬ "ጋለ በለው" አለኝ፤ ሌላው "ፈላ" ነው ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ግሱ ደህና ነው፤ የጎደለህ "በ" ናት። "እሳት ሞቀ"፣ "ፀሐይ ሞቀ" የምንለው ሰው ወዶና ፈቅዶ፣ ተመችቶት ሲቀመጥ ነው። አንተ እንደጻፍከው ከሆነ ኒውክሊየሱ ጨረሩ ፊት ዘና ብሎ ቁጭ ብሏል ማለት ነው!

የሚሆነው ግን ድብደባ ነው። ፈጣኑ ፕሮቶን 79 ፕሮቶንና 118 ኒውትሮን የታጨቁበትን የወርቅ ኒውክሊየስ ጥሶ ይገባል፣ ያገኛቸውን ይገጫል፣ የተወሰኑትን አስፈንጥሮ ያስወጣል፣ የቀሩት ደግሞ እርስ በርስ እየተላተሙ የተረፈውን ጉልበት ይከፋፈሉታል። ሞቀ የሚባለው ይሄ የመጨረሻው ነው። ስለዚህ "በጨረር ተመትቶ ሞቀ" በል። "ጨረሩ ጉልበቱን ሁሉ ሰጠው" እንዳትል ደግሞ፤ አብዛኛው ተፈናጥረው ከወጡት ጋር ይሄዳል።

"ጋለ" አይሆንም። ብረት ይግላል፤ ቅርጹን ሳይለቅ ፍም ይመስላል። የሞቀ ኒውክሊየስ ግን እንዳለ አይቆይም፣ ኒውትሮኖች አንድ በአንድ ያመልጡታል። የፊዚክስ ሊቁ ቪክቶር ቫይስኮፕፍ በ1937 እ.ኤ.አ. ይህን እንደ ትነት አድርጎ አስልቶታል፤ እኛም "ተነኑ" ብንል ያምራል።

"ፈላ" ያለው ጓደኛህ ግን ነገር ገብቶታል። በ1995 እ.ኤ.አ. ጀርመን ዳርምሽታት ባለው ጂኤስአይ የምርምር ማዕከል የወርቅ ኒውክሊየሶችን አጋጭተው የለኩ ተመራማሪዎች የሚገርም ነገር አሳዩ፦ ለእያንዳንዱ ፕሮቶንና ኒውትሮን የሚደርሰው ጉልበት ከ3 ወደ 10 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (በዚህ መስክ ጉልበትም መጠነ ሙቀትም የሚለካበት አሃድ ነው) ሲያድግ መጠነ ሙቀቱ 5 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ንቅንቅ አልል አለ። የሚፈላ ውሃም እንዲሁ ነው፣ እሳቱን ብታበዛበት ይተናል እንጂ ከ100 ዲግሪ አያልፍም። ትርጓሜው ብዙ አከራክሯል፤ ቃሉ ግን ቦታው እዚህ ነው። ኒውክሊየሱ ገና ጥቂት ኒውትሮን ሲተንበት "ፈላ" ካልከው ቸኩለሃል፣ ወደ ብዙ ቁርጥራጭ ሲበታተን ግን በለው፣ ማንም አይቆጣህም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ምክንያቱም በየጽሑፉ የማየው ስህተት እሱ ነው። "ሙቀት" እና "መጠነ ሙቀት" አይለዋወጡም። ሙቀት የሚገባው ጉልበት ነው፤ መጠነ ሙቀት በተለምዶ በዲግሪ የሚለካው ነው። ሁለቱንም "ሙቀት" ካልካቸው የዳርምሽታቱ ውጤት "ሙቀት ተጨመረ፣ ሙቀት ግን አልጨመረም" ሆኖ ቁጭ ይላል። አንባቢ ምን ይበል? "ሙቀት ቢጨመርበትም መጠነ ሙቀቱ አልጨመረም" ስትል ግን አለቀ። 5 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ለብዙ ሰው ምንም ስለማይነግረው "ወደ 58 ቢሊዮን ዲግሪ" ብለህ ጨምርበት፤ የፀሐይ እምብርት እንኳ 15 ሚሊዮን ገደማ ነው።

ጽሑፍህ አሜሪካ ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ወደተደረጉት የኒውክሊየስ ግጭቶች ከተሻገረ ደግሞ "ሞቀ"ም "ፈላ"ም አይበቁም። እዚያ መጠነ ሙቀቱ ትሪሊዮኖች ውስጥ ይገባል፣ ፕሮቶንና ኒውትሮን ራሳቸው ወደተሠሩባቸው ቅንጣቶች፣ ወደ ኳርክና ግሉዎን፣ ይፈርሳሉ። ለዚያኛው "ቀለጠ" በል።